በሩ ላይ የተጻፈው ሰዓት

ጋሽ መኳንንት በሕይወት ሳሉ በራቸውን ክፍት ትተው አያውቁም። ማክሰኞ ጠዋት ግን በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ጎረቤታቸው እትዬ የሺወርቅ ገፋ አድርገው ቢያዩ ሽማግሌው ከብረት አልጋቸው ሥር ወድቀዋል። የአልጋው ጠርዝ ደም ነክቷል። ወንበር ተገልብጧል፤ የጠረጴዛው መሳቢያ ተጎልጉሎ ወረቀቱ ወለሉ ላይ ተበትኗል። በስኳር በሽታ የቆሰለው ቀኝ እግራቸው ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በነጭ ፋሻ ጥንቅቅ ብሎ እንደታሰረ ነው።

ኢንስፔክተር ራሂማ በድሩ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ካለው ከዚያ ሕንፃ በር ስትደርስ አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ሆኖ ነበር። ራሂማ የሞያሌ ልጅ ናት፤ ኬንያዊት። አማርኛውን የለቀመችው ከአባቷ ሱቅ ባንኮኒ ሥር ነው፤ ጣቢያው ውስጥ ሐበሻ የነካካው ጉዳይ ሁሉ «ራሂማን ጥሯት» ተብሎ የሚያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር ደስ ይላት ነበር። ሰው በቋንቋው ሲጠየቅ ልቡን ይከፍታል፤ የተከፈተ ልብ ደግሞ ለመርማሪ ግማሽ ሥራ ነው።

በሩ ላይ አንድ ደንዳና ሰው እያለቀሰ ወደ መኪናዋ መጣ።

«አንቺ ነሽ ራሂማ? ባንታየሁ እባላለሁ፤ የሐበሾች መረዳጃ ማኅበር ምክትል ሊቀ መንበር። ሊቀ መንበራችንን ጋሽ መኳንንትን ገደሉብን እኮ እህቴ!»

በናይሮቢ መታወቂያ ሳያሳዩ የሚገቡበት በር ብዙ የለም፤ ፖሊስ ግን አይመዘገብም። መኪናዋ ገባች፤ ባንታየሁም ጎን ጎኗን እያለከለከ ገባ፤ በሊፍት አብረው ወጡ።

«እርስዎ መቼ ደረሱ?» አለችው ኮሪደሩ ላይ።

«አሁን ነው፤ ከአንቺ ትንሽ ቀደም ብዬ። እግረ መንገዴን ልጠይቃቸው ብዬ ነበር። ሊፍቱ ቆሞ አምስት ፎቅ በእግሬ ወጣሁት፤ ልቤ ልትፈርስ ነበር። ደርሼ ባይ ይሄው ነው የጠበቀኝ።» ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ።

ራሂማ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። የሐዘንተኛ ወሬ ሁሉ ይጻፋል፤ የሚነበበው ጥቂቱ ነው።

እትዬ የሺወርቅ ሳሎናቸው ውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

«ምን ሰሙ እናቴ?»

«ጓ! የሚል ነገር። መብራት ጠፍቶ ራዲዮኔ ጸጥ ባይል አልሰማውም ነበር። አራት ሰዓት አልፎ ነበር። ዕቃ ነው የወደቀባቸው ብዬ ተውኩት። መብራቱ ሲመለስ ሻይ ላቀርብላቸው ብሄድ...» መጨረስ አቃታቸው።

«ከቤታቸው የጎደለ ነገር ያውቃሉ?»

«ማኅተሙ የለም። ያ ክቡ፣ የማኅበሩ ማኅተም። ከመሳቢያቸው አይለዩትም ነበር።» ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጋባ የሚመሰክረው ደብዳቤ ሁሉ ያለዚያ ማኅተም ወረቀት ብቻ ነው። «ገንዘባቸው እኮ ኮታቸው ኪስ ውስጥ አለ።»

«ማን ይመጣባቸዋል?»

«ማን የማይመጣ አለ ልጄ? ማክሰኞ ማክሰኞ ያ ይድነቃቸው የሚባለው ልጅ ይመጣል፤ ከኢስትሊ ሰፈር። ዛሬ ግን አላየሁትም፤ ጓዳ ነበርኩ።» ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሑድ ለት ደግሞ ከባንታየሁ ጋር ተጯጩኸው ነበር። ‹የወንድምህን ልጅ የአንተ ልጅ ናት ብዬ አልመሰክርም፤ ልጅቷ ውጭ አገር እንድትሄድ ብለህ በእግዜር ፊት አታዋሸኝ› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ራሂማ ይህንንም ጻፈች። ባንታየሁ ግን ከነገሩ ሁሉ በኋላ የደረሰ ሰው ነው፤ በር ላይ በዓይኗ አይታዋለች።

*

የበሩ ጠባቂ፣ ናይሮቢዎች አስካሪ የሚሉት፣ ቶማስ የሚባል ጎልማሳ ነው። ድሮ እንግዳ የሚመዘግበው ትልቅ ባለመስመር ደብተር ላይ በቢክ ነበር። አሁን ታብሌት ተሰጥቶታል፤ ስም ይጽፋል፣ የመታወቂያ ቁጥር ይጽፋል፣ የቤት ቁጥር ይጽፋል፣ አረንጓዴውን ቁልፍ ይነካል። ሰዓቱን እሱ አይጽፈውም። ሲስተሙ በራሱ ይሞላዋል። እንግዳው ሲወጣ ደግሞ ስሙ ላይ «ወጥቷል» የሚል ምልክት ያደርጋል።

«ይድነቃቸው የሚባል ዛሬ መጥቷል?»

ቶማስ ስሙን ጻፈ። አንድ መስመር ወጣ። የገባበት ሰዓት 10፡12 ይላል፤ በሐበሻውም በስዋሂሊውም አቆጣጠር አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ማለት ነው። ከጎኑ «ወጥቷል» ይላል።

«ፊቱን ታስታውሰዋለህ?»

«ፖሌ፣ ይቅርታ ማዳም። በቀን ስንቱን ነው የማየው? ታብሌቱ ግን ያውቃል።»

«ባንታየሁስ?»

10፡41። ልክ ነው፤ እሷ ከመድረሷ አራት ደቂቃ በፊት።

«መብራትስ ጠፍቶ ነበር?»

«ጠፍቶ ነበር፤ ከሦስት ሰዓት ከአርባ እስከ አራት ከሃያ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ሊፍቱም ቆሞ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ሊፍቱም ተነሣ።»

ራሂማ በጭንቅላቷ ደመረችው። ድምፁ የተሰማው መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ይድነቃቸው የገባው አራት ከአሥራ ሁለት ነው። አራት ተኩል ላይ ሽማግሌው ሞተው ተገኙ። እንዲህ ጥርት ያለ ጉዳይ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። እግሯ ወደ ኢስትሊ ለመሄድ ቸኮለ፤ ቶማስ ስለ ሊፍቱ የነገራትንም ከባንታየሁ ወሬ ጋር ለማስተያየት ጊዜ አልሰጠችውም። ይህ ጥድፊያዋ በኋላ እንቅልፍ የሚነሣት ነገር ሆነ።

*

ይድነቃቸውና ሚስቱ ሚዛን የሚኖሩት ኢስትሊ ውስጥ፣ ከጨርቅ ሱቆች በላይ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ነው። በሩን የከፈተችው ሚዛን ናት፤ የሰባት ወር እርጉዝ። ራሂማ በአማርኛ «እንደምን ዋላችሁ» ስትላት ፊቷ በራ።

«ይግቡ እህቴ፤ ፖሊስ ሲሉን ደንግጠን ነበር።»

ይድነቃቸው ከአልጋው ጫፍ ተነሣ። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ቦርሳው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ተገኘ። ራሂማ ገለጠችው። በደም የጨቀየ ፋሻ ነው።

የሚዛን ፊት መልሶ ጠቆረ።

*

«ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» አለችው ራሂማ፤ ጣቢያው ውስጥ፣ መስኮት በሌላት ክፍል።

በዚህች ዓረፍተ ነገር ትታወቃለች። ሰው ታሪኩን አንዴ ሲናገር ይዋሻል፤ አሥር ጊዜ ሲናገር ግን ውሸቱ ይላላል ትላለች። አለቃዋ አዲስ መርማሪዎችን እንዲያዩዋት ይልክ ነበር።

«ጋሽ መኳንንትን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ደህና ነበሩ። ወጣሁ።»

«ልጠይቃቸው ብቻ?»

«አዎ።»

ፋሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ይድነቃቸው ዓይኑን ጨፈነ።

«ነርስ ነበርኩ፤ አገሬ ላይ። እዚህ እንድሠራ ፈቃድ የለኝም፤ ስለዚህ ነው የዋሸሁዎት። በየሳምንቱ ቁስላቸውን አጥቤ አስርላቸዋለሁ። አሮጌውን ፋሻ እሳቸው ሽታውን ስለማይወዱት ይዤው እወጣለሁ። መንገድ ላይ ልጥለው ብዬ ረሳሁት።»

«ስንት ሰዓት ገባህ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ። ሦስት ተኩል ላይ ወጣሁ። በሊፍት ወጣሁ፣ በሊፍት ወረድኩ፤ ስወርድ ሊፍቱ መስታወት ውስጥ ኮሌታዬን እንዳስተካከልኩ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ለማታቱ ታክሲ ሳንቲም እንዳላወጣ ብዬ በእግሬ እስከ ኢስትሊ መጣሁ።»

«መንገድ ላይ ማን አየህ?»

«በእግሩ የሚሄድ ሰው ማን ያየዋል?»

ራሂማ የታተመውን ወረቀት አወጣች። የበሩን ሲስተም የሚያስተዳድረው ድርጅት የይድነቃቸውን መስመር አትሞ፣ ትክክለኛ ነው ብሎ ፈርሞበታል። «10፡12 ገባህ ይላል። በዚያ ሰዓት ሊፍት የለም። መብራት ጠፍቶ ቆሟል። አሁንም ዋሸኸኝ ማለት ነው።»

«እኔ የገባሁት ሦስት ሰዓት ነው።»

«ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።»

ነገራት። ማክሰኞ ማታ ነገራት፣ ረቡዕ ጠዋት ነገራት፣ ረቡዕ ከሰዓት ነገራት። ሦስት ሰዓት የነበረው «ሦስት አካባቢ» ሆነ፤ ከዚያ «ሦስት ተኩል ሊሆን ይችላል» ሆነ። ራሂማ ይህን እንደ ድል ቆጠረችው። ሥራዋን ጠንቅቃ ለመሥራትም ረቡዕ ዕለት ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፈች፤ የማክሰኞው የእንግዳ መዝገብ ማንም እንዳይነካው በሙሉ «ለፖሊስ ተይዟል» የሚል ምልክት ይደረግበት ብላ።

ሐሙስ አለቃዋ ራሱ ገባ። የእምነት ቃል የሚቀበለው እሱ ነው፤ ራሂማ አስተርጓሚ ሆና ተቀመጠች።

«ንገሪው» አለ አለቃዋ፤ «የሚስቱ የስደተኛ ወረቀት ከሦስት ወር በፊት ጊዜው አልፎበታል። ምርመራው ከተራዘመ ፖሊሶቻችን ቤቱን ደጋግመው መፈተሽ ይኖርባቸዋል። ሚስቱንም ወረቀት ይጠይቋታል። ካለቀ ግን አለቀ፤ ማንም ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት የለውም።»

ራሂማ ተረጎመችው። አንዲት ቃል አላስቀረችም፣ አንዲትም አልጨመረችም። ሰውየው ገዳይ ነው ብላ ታምን ስለነበር ምንም አልከበዳትም።



«ማሽኑ አራት ከአሥራ ሁለት ካለ፣ አራት ከአሥራ ሁለት ይሁን» አለ ይድነቃቸው። «ምን ልበል? እርስዎ ይንገሩኝ።»

ተጻፈ። ቁስሉን ሲያጥብ ተጨቃጨቁ። ገፋቸው፤ ጭንቅላታቸው አልጋው ላይ አረፈ። ደንግጦ በጨለማ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። ማኅተሙን የት እንዳደረሰው አላስታውስም አለ። ፈረመ።

አለቃዋ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ሦስት ቀን ብቻ!

*

ዓርብ ጠዋት ራሂማ ፋይሉን ልትዘጋ የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ ለመውሰድ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄደች። የተቀበለቻት ምዌንዴ የምትባል ወጣት ናት፤ ዳታቤዙን የምትጠብቀው እሷ ነች። ፊቷ ልክ አይደለም።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

ስክሪኑን አዞረችላት። የማክሰኞ እንግዶች፣ ስድሳ ሦስት ሰው፣ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። የሁሉም የመግቢያ ሰዓት አንድ ነው፤ ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአራት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አንቺ ‹ለፖሊስ ተይዟል› በሉት ባልሽኝ ሰዓት ምልክቱን ያደረግኩበት ደቂቃ ነው።» ምዌንዴ ወንበሯን አቀረበች። «ቅዳሜ ዕለት ዳታቤዙን ወደ አዲሱ ስሪት አሳደግነው። እያንዳንዱ እንግዳ አንድ መስመር አለው፤ መስመሩ ላይ ሲስተሙ ራሱ የሚሞላው የሰዓት ሳጥን አለ። ድሮ የሚሞላው አንዴ ብቻ ነበር፤ ሰውየው ሲመዘገብ። አዲሱ ግን መስመሩ በተነካ ቁጥር አሮጌውን ሰዓት ያጠፋና የተነካበትን ሰዓት ይጽፋል። እንዲህ አድርግ ያለው ሰው የለም። ምንም ካልተባለ በራሱ የሚያደርገው ነገር ነው። እኛ ደግሞ ምንም አላልነውም። እኔ ምንም አላልኩትም።»

ራሂማ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«አስካሪው ‹ወጥቷል› ሲልስ?»

«ያም መንካት ነው።»

«የመጀመሪያው ሰዓት የት አለ?»

«የለም።»

«የሆነ ቦታ ተቀምጦ...»

«በየሌሊቱ ቅጂ እናስቀምጣለን፤ የማክሰኞ ሌሊቱ አለ። ግን ያኔ አስካሪው ሁሉንም ነካክቶት ነበር። እይው።» ሌላ ዝርዝር ከፈተች። ይድነቃቸው፣ 10፡12። ከበላዩ የቧንቧ ሠራተኛ፣ 10፡12። ከበታቹ የልብስ አጣቢ፣ 10፡12። ራሂማ በጣቷ ቆጠረች። አሥራ አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአንድ በር ገብቷል ይላል።

እሷ ማክሰኞ ዕለት የጠየቀችው ስለ አንዱ ብቻ ነበር።

*

ራሂማ ቶማስን ለብቻው ወደ አጥሩ ጥላ ስትወስደው ነገሩ ገብቶታል።

«እያንዳንዱ ሲወጣ ምልክት ታደርጋለህ?»

«አዎ ማዳም።»

«ቶማስ!»

አስካሪው ቆቡን አውልቆ አሸው። «እንዲህ ነው። ሰው ሲወጣ ቆሞ አይጠብቅም፤ መኪናው ጥሩንባ ይነፋል፤ ያንን በር ደግሞ እኔ ነኝ የምገፋው። ስለዚህ አጠራቅመውና ሻይ ልጠጣ ስል፣ አሥር ሰው ይሁን አሥራ አምስት፣ ባንድ ላይ ወጥቷል፣ ወጥቷል፣ ወጥቷል እላለሁ። በደብተሩ ጊዜም እንደዚሁ ነበር። አስካሪ ሁሉ እንደዚሁ ነው። ከሥራ ያስወጡኛል?»

«ማክሰኞ ሻይ የጠጣኸው መቼ ነው?»

«አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ። ገና መብራት አልመጣም ነበር፤ ሻዩን በከሰል ነው ያፈሉት።»

«ባንታየሁስ? እሱን መቼ ነካኸው?»

«ትልቁን ሰውዬ? ሲወጣ ነዋ። ላይ ፎቅ ያሉት ሰዎች ሲጮኹ እየሮጠ ወረደና ‹ፖሊስ ልቀበል› ብሎ ወጣ። ሰው ሞቷል ስለተባለ ያኔ ሁሉንም ወዲያው ወዲያው ነው ምልክት ያደረግኩት።»

«መቼ ነው የገባው ታዲያ?»

ቶማስ ታብሌቱን አየ። ከዚያ እሷን አየ። «ታብሌቱ ካላወቀ እኔ ከየት አውቃለሁ?»

ራሂማ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ማስታወሻዋን ገለጠች። የማክሰኞ፣ የመጀመሪያው ገጽ፣ በራሷ እጅ ጽሕፈት፤ *ሊፍቱ ቆሞ አምስት ፎቅ በእግሬ ወጣሁት።* በዚያ ቀን ሊፍት የቆመው ለአርባ ደቂቃ ብቻ ነው። አራት ከአርባ አንድ ላይ የመጣ ሰው በሊፍት ይወጣል፤ እሷና ባንታየሁ ራሳቸው በሊፍት ነው የወጡት። ሦስት ገጽ ገልጣ ደግሞ ይድነቃቸውን አገኘችው፤ *በሊፍት ወጣሁ፣ በሊፍት ወረድኩ፤ መስታወት፣ ኮሌታ።* መብራት ሳይጠፋ ገብቶ ሳይጠፋ የወጣ ሰው ቃል ነው። ይህን ቃል ነው ውሸት ብላ መልሳ መልሳ የቀጠቀጠችው።  መሪውን በቡጢ መታችው፤ መኪናው ጥሩንባ ነፋ፤ ቶማስ እየሮጠ በሩን ከፈተላት።

*

ባንታየሁ በማኅበሩ ቢሮ፣ በጋሽ መኳንንት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ክብ ማኅተም አለ።

«ተገኘ እንዴ?» አለች ራሂማ።

«አዲስ አስቀረጽን። ሕዝቡ ጉዳይ አለው፤ በሐዘን ብቻ አይዋልም። ቁጭ በይ እህቴ። ገዳዩን በሦስት ቀን ማግኘትሽን ለሁሉም ነግሬያለሁ፤ በማኅበሩ ስም የምስጋና ደብዳቤ እንጽፍልሻለን።»

«ማክሰኞ በደረጃ ነው የወጡት?»

«አዎ፤ ነግሬሽ የለ።»

«አራት ከአርባ አንድ ላይ ሊፍቱ ይሠራ ነበር።»

 ባንታየሁ ማኅተሙን አንሥቶ ቀለሙን በወረቀት ጠረገ።

«የተዘጋ መስሎኝ ይሆናላ። የደነገጠ ሰው ሊፍት ይመርጣል?»

«ያኔ ገና መሞታቸውን አላወቁም እኮ።»

«እንግዲህ እህቴ፣ የገባሁበትን ሰዓት ታብሌቱን ጠይቂው። እናንተ አይደላችሁ እንዴ ታብሌቱን አምናችሁ ያንን ልጅ ያሰራችሁት? ለእሱ ሲሆን እውነት፣ ለእኔ ሲሆን ውሸት ነው?» ሽኝቱ ሲበዛ ትሑት ነበር፤ እስከ በር ድረስ።

ጣቢያ ስትመለስ አለቃዋ የምዌንዴን የጽሑፍ መግለጫ ሁለቴ አነበበው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ላይ ድካም ነበር።

«ይሄ የሚለው ሰዓቱ ስሕተት ሊሆን ይችላል ነው። ስሕተት ነው አይልም። እሺ፣ ሰዓቱን ጣዪው። ምን ይቀራል? የሟች ደም ቦርሳው ውስጥ ተገኝቷል። ደግሞም ራሱ አምኗል። በቋንቋው፣ አንቺ ባለሽበት።»

«ያመነው ሚስቱን ስላስፈራራንበት ነው።»

«አስፈራራን? አንድ ነገር ነው የነገርነው፤ እውነቱን። አንቺው ነሽ የተረጎምሽው።» መግለጫውን ፋይሉ ውስጥ አስገባው። «በባንታየሁ ላይ ምን አለሽ? ወፍራም ሰው ደረጃ ወጣ ብለሽ ነው የምትከሺው? ልጁ ራሱ ቃሉን ካነሣ ያኔ ሌላ ነገር ነው። እሱ ካላነሣው እኔና አንቺ አናነሣለትም።»

*

ሚዛን ከረቡዕ ጀምሮ በየጠዋቱ ጣቢያው በር ካለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ማንንም አትጠይቅም፤ ትቀመጣለች ብቻ። ሰኞ ራሂማ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ያን ለት በአማርኛ ሲያናግሩኝ» አለች ሚዛን ሳታያት፣ «እንግዲህ ተርፈናል ብዬ ነበር።»

 «ዛሬ ላገኘው ነው» አለች ራሂማ። «ቃሉን እንዲያነሣ እነግረዋለሁ። ሊፍቱን ብቻ ይናገር። ሌላውን እኔ እሞላዋለሁ።»

ማረፊያ ቤቱ በር ላይ መታወቂያዋን ሰጠች፤ አንድ ሽማግሌ ወታደር በባለመስመር ደብተር ላይ ስሟንና ሰዓቱን በቢክ ጻፈ። አሮጌ ደብተር ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል። ራሂማ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ቆማ አየችው።

ይድነቃቸው ከስቶ ጠበቃት፤ ግን ተረጋግቷል። የመጀመሪያው ጥያቄው ስለ ራሱ አልነበረም።

«ፖሊሶች ወደ ሚዛን ሄደዋል?»

«ማንም አልሄደም። ስማኝ ይድነቃቸው። የበሩ ሰዓት ስሕተት ነበር። አሁን አውቃለሁ። አንተ እንዳላደረግከው አውቃለሁ።»

ደስ የሚለው መስሏት ነበር። እሱ ግን ነገሩ ከሩቅ እንደሚሰማ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

«ቃልህን ማንሣት ትችላለህ። አስገድደውኝ ነው ብለህ። እኔ ራሴ እመሰክራለሁ፤ ሥራዬን ቢያሳጡኝም።»

«ባነሣው ምርመራው እንደገና ይጀመራል?»

«አዎ።»

«ፖሊሶቹ ቤት ይሄዳሉ?»

አትዋሽ ነገር፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ከእንግዲህ መዋሸት አልቻለችም። «ሊሄዱ ይችላሉ።»

«እንግዲያው ይቅር።»

«እሺ ቃልህን አታንሣ! ስለ ሊፍቱ ብቻ ንገረኝ። የመጀመሪያ ቀን የነገርከኝን አንድ ጊዜ ድገምልኝ፤ እጽፈዋለሁ፣ ትፈርምበታለህ። በሊፍት ወጣሁ፣ በሊፍት ወረድኩ...»

ይድነቃቸው ግንባሩን ቋጠረ። እየዋሸ አይደለም፤ የዋሸና ያልዋሸ ሰው ፊት ለይታ ታውቃለች። ከልቡ እየፈለገ ነው።

«ሊፍት?» አለ። «በደረጃ አይደል እንዴ የወረድኩት?»

«አይደለም። ደረጃ ያልነው እኛ ነን።»

«እንደሱ ይሆናል። ግን አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ደረጃው ነው። ጨለማው። ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ።» አፍሮ ፈገግ አለ። «ፋሻውን እንዳሰርኩላቸው አስታውሳለሁ፤ ‹እጅህ ይባረክ› እንዳሉኝም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ደጋግመው ሲጠይቁኝ የቱ የመጀመሪያው እንደነበር ጠፋብኝ።»

«መስታወት ነበረ። ኮሌታህን አስተካከልክ።»

«እርስዎ ካሉ ነበረ ማለት ነው» አለ በትሕትና።

ራሂማ ቢኳን አስቀመጠች። እንዲህ ያለ ቃል ማንም አይቀበላትም፤ እሷም ብትሆን አትቀበለውም ነበር።

ልትነሣ ስትል «ኢንስፔክተር» አላት። «የፈረምኩበት ወረቀት በእጅዎ አለ?»

«ቅጂው አለኝ።»

«አንዴ ያንብቡልኝ። በእንግሊዝኛ ስለሆነ በደንብ አልያዝኩትም። ፍርድ ቤት ሲጠይቁኝ ከጻፍነው የተለየ ከተናገርኩ ዋሽቷል ብለው እንደገና ይጀምራሉ። ወደ እሷ ይሄዳሉ።»

«ይድነቃቸው፣ እባክህ።»

«ሁለት ወር ነው የቀራት» አለ።

ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ከላይ ጀምራ፣ ቀስ ብላ፣ በአማርኛ ታነብለት ጀመር። እሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይከተላት ነበር። በጨለማ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ የሚለው ላይ ስትደርስ አስቆማትና ደግማ እንድታነብለት ጠየቃት፤ ደገመችለት፤ እሱም ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ።